ባለቤቴ ሳትቀመጥ ዘጠና ሁለት ያገኘችበት ፈተና

ለወላድ እናቶች የኑሮ ጥራት መለኪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ደህና ናት መባሉ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ ለመጠየቅ እወዳለሁ፤ ጥያቄውን የማቀርበው ግን ለራስዎ እንጂ ለባለቤትዎ ወይም በዚያ ሰዓት ስልክ ላነሳ ሰው አይደለም፤ በዚህም ከመሥሪያ ቤትዎ አሠራር ወጣ በማለቴ ይቅርታ እለምናለሁ። እንቅልፍዎ የሞላ፣ ወገብዎ የጸና፣ ሲስቁም ሆነ ሲያስነጥስዎ የማይሳቀቁ ሰው እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ በምትይዝ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ከእጅ ሌላ አፍም ስለሚጠይቅ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ በሞያዬ ያመካኙልኝ። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከሦስት ወር በፊት የመጀመሪያ ልጃችንን፣ ሴት ልጅ፣ ወልዳለች። ምጡ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስለነበር ያየሁት ነገር የለም፤ ያላየሁትን ነገር አውቃለሁ ማለት የጀመርኩትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሐኪም ማየት አለባት፤ መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ ደህና ናት ብሎ መዝግቦ በሩን ዘግቶባታል፤ ደህና ናት ብዬ የነገርኳችሁ ደግሞ እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የወሊድ ፈቃዷ ያልቅና በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ትቆማለች። እስከዚያ ካልታየች ምን ይዛ እንደምትቆም አላውቅም።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አይቻለሁ።

አንደኛ። የደወላችሁት ለእኔ ነው፤ ስለዚህ ክብር አመሰግናለሁ። በባለቤቴ የእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ስልክ በሚለው ቦታ የተጻፈው የእኔ ቁጥር ነው፤ ካርዱ በተሞላ ቀን ነርሷ የቤተሰቡን ኃላፊ ቁጥር ብትጠይቅ፣ ባለቤቴ የራሷን መናገር ጀምራ ሳለ ከአፏ ነጥቄ የእኔን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከወሊዱ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ተደወለልኝ። እጄ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት። ወንበሩ ላይ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፤ አግዳሚው ላይ ደግሞ ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ተራውን ይጠብቃል። ደዋይዋ በጣም ትሑት ልጅ ነበረች፤ ጥያቄዎቹ ሃያ አምስት መሆናቸውን፣ ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አራት እንደሚሰጥ፣ ጊዜዬንም እንደማትወስድ አስረዳችኝ። ጊዜዬን በእርግጥ አልወሰደችም፤ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነበር።

በእነዚያ ዘጠኝ ደቂቃዎች የሆነውን በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ላይ ስለማያገኙት ላስረዳዎ። ደረጃ ስትወጣ ትቸገራለች ወይ ተብዬ፣ ቤታችን ደረጃ ስለሌለው በፍጹም አትቸገርም ብዬ አራት ሰጠሁ። ዕቃ ስታነሳ ያማታል ወይ ስባል ጥቂት ሳመነታ፣ ጋሼ ከአረፋው ሥር ሆነው ሴት ስትወልድ ትጠነክራለች፣ አራት በል አሉኝ፤ አልኩ። ያለ ምክንያት ታዝናለች፣ ሆድ ይብሳታል ወይ በተባልኩ ጊዜ ስልክ ጠጋኙ፣ አዎ ካልክ ፎርም ይዘው ቤትህ ድረስ ነው የሚመጡት ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ እኔም እንግዳ ስለማልወድ አራት አልኩ። ለራሷ የሚሆን ጊዜ ታገኛለች ወይ ለሚለው፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፣ ከዚህ የበለጠ ምን ጊዜ አለ ብዬ ደዋይዋን አሳቅኳት። ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት የሚጠይቀው ሲመጣ ስልክ ጠጋኙ የያዘውን ስልክ መነካካቱን ትቶ ቀና አለ፤ ጋሼም በመስታወቱ ውስጥ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ክቡር ኃላፊ፣ በደንበኞቹ ፊት ለዚያ ጥያቄ ከአራት በታች የሚመልስ ፀጉር አስተካካይ ካለ ያሳዩኝ። ባልየው በቤት ሥራ ያግዛል ወይ ለሚለውም ለራሴ አራት ሰጠሁ፤ ጋሼ በዚህ ጊዜ ስለሳቁ ምላጩ ጉንጫቸውን ጫር አደረጋቸው።

ከመቶው የጎደሉት ስምንት ነጥቦች እንቅልፍን በሚመለከቱ ሁለት ጥያቄዎች የተቀነሱ ናቸው። ሁለቱንም ዜሮ ያልኩት ሕፃኗ እኔን ስለምትቀሰቅሰኝ ነበር።

ወዲያው በስልኬ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ደረሰኝ፤ የእናት የኑሮ ጥራት ነጥብ ዘጠና ሁለት፣ ደረጃ እጅግ በጣም ጥሩ ይላል። ለጋሼና ለስልክ ጠጋኙ አሳየኋቸው፤ እነሱም ደስ አላቸው። ለባለቤቴ መንገር ግን ረሳሁ።

ሁለተኛ። መስኮታችሁ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንዲት አዋላጅ ነርስ ባለቤቴን መረመረቻትና፣ በወሊድ ጊዜ የተቀደደው ቦታ በትክክል አለመዳኑን፣ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታትም ከዚህ የተነሳ መሆኑን ነግራት፣ በዚሁ ሥራ የሠለጠነ ሐኪም ጋ የሚልክ የሪፈር ወረቀት ጻፈችላት። ባለቤቴ ልጇን ታቅፋ፣ ወረቀቱን ይዛ፣ ግቢያችሁ ውስጥ በሚገኘው መስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ተሰለፈች። የመስኮቱን መስታወት ያውቁታል፤ ታችኛው ቀዳዳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ለመነጋገር ጎንበስ ማለት አለበት፤ ጎንበስ ማለት ደግሞ ለእሷ ከባዱ ነገር ነው። ጸሐፊዋ የካርድ ቁጥሯን ኮምፒውተር ላይ ካየች በኋላ፣ ዘጠና ሁለት ነዎት እኮ፣ ሐኪሙ የሚያየው ከስድሳ በታች የሆኑትን ነው አለቻት። ባለቤቴ ማንም እንዳልጠየቃት ተናገረች። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ መመሪያው በሚፈቅደው ሁሉ ልትረዳት ሞከረች፤ መመሪያው የሚፈቅደው ደግሞ የተመዘገበው ምላሽ ሰጪ ነጥቡን እንዲያስተካክል ነው። የተመዘገበው ምላሽ ሰጪ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የታመመችው ሴት መስኮቱ ፊት ቆማ ሳለች፣ ታማ እንደሆነ ለመጠየቅ ለእኔ ተደወለ። አሠራሩ በሙሉ ቢጠፋብኝ እንኳ ይህቺን አንዲት ነገር እስክሞት አልረሳትም። ሦስት ጊዜ ተደወለ። እኔ የማላውቀው የመደበኛ ስልክ ቁጥር ስለነበረ፣ እጄም የሰው አንገት ላይ ስለነበረ አላነሳሁም። በወረቀቷ ላይ ምላሽ ሰጪው አልተገኙም ተብሎ ተጻፈና ማኅተም ተመታበት።

ባለቤቴ መጸዳጃ ቤት ጠየቀች፤ ቁልፉ የጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ምሳ ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብዙ አላብራራም። የልጇን ብርድ ልብስ ወገቧ ላይ አገልድማ፣ እርጥብ ልብሷን ደብቃ፣ በዋናው መንገድ እያለቀሰች በእግሯ ተመለሰች። በሚኒባስ ያልመጣችው ወንበሩን አበላሻለሁ ብላ ነው።

ሦስተኛ። ይህኛው ቅሬታ በማን ላይ እንደሆነ ለራሴም ግልጽ ስላልሆነ እርስዎ ወደሚመለከተው ክፍል ይምሩልኝ። ባለቤቴ ወደ ቤት አልሄደችም፤ በቀጥታ የመጣችው እኔ ሥራ ቦታ ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ ተነሥቶ ቦታ ሊለቅላት ቢል በእጇ ከለከለችውና በሩ ላይ ቆመች። ዘጠና ሁለት ያላቸው ማነው ስትል ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ተማሪ ስም ስትጠራ እንደምታሰማው ያለ ነበር። እኔ ነኝ አልኩ። ጥያቄዎቹን ዘርዝርልኝ አለችኝ፤ ያስታወስኩትን ያህል ዘረዘርኩላት፤ አንዱንም ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። ስጨርስ፣ ባስተማርኩበት አሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ፈተና ላይ ላልተቀመጠ ተማሪ ዘጠና ሁለት ሰጥቼ አላውቅም አለችና ወጣች። እኔም ማሽኑን አጥፍቼ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨውን ሰው ለቀቅ አድርጌ ተከተልኳት፤ ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ አልፈርድበትም።

በዚያ ቀን ነው ባለቤቴ ቤቴ ውስጥ የምትኖረውን ኑሮ የሰማሁት። አንሶላችን ሥር የተነጠፈው ፕላስቲክ ለሕፃኗ ሳይሆን ለእሷ መሆኑን ሰማሁ። ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ብርጭቆ ውሃ ብቻ እንደምትጠጣ፣ በዚህም የተነሳ ጡቷ ወተት እያነሰው መሆኑን ሰማሁ። እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ከወንበር የማትነሳው ትሕትና ጎድሏት መስሎኝ ገሥጬያት ነበር፤ የማትነሳው በተነሳች ቁጥር ስለሚያመልጣት ነው። ይህን ሁሉ ጉድ ይዛ ስንት ጊዜ እንዴት ዋልሽ ብያት ደህና ብላኝ ይሆን? ብዬም እንደሆነ ነው እንግዲህ፤ ብዙውን ጊዜ ራት ደርሷል ወይ ነበር የምለው። አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴን ያቃጥለኛል።

አራተኛ። ስለ መልካም አቀባበላችሁ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሁለተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ስለ እናቶች እንደነበረ ተነግሮኝ ተጽናናሁ። አንድ ወጣት ባለሙያ ወንበር ሰጥቶ በትዕግሥት አስተናገደኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ ጨዋነቱ ነው፤ ቢቆጣኝ እኔም እቆጣ ነበር። ሐሰት መናገሬን፣ ያልኩት ሁሉ ስህተት መሆኑን፣ ነጥቡ እንዲሰረዝ እንደምፈልግ ገለጽኩለት። እሱም የማስተካከያ ዕድል አንድ ብቻ መሆኑን፣ ምላሽ ሰጪው አልተገኙም ተብሎ ማኅተም ከተመታ በኋላ የዙሩ ነጥብ እንደማይከፈት፣ ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛው ዙር ሲደርስ እንደገና እንደሚደወል አስረዳኝ። ለማን ነው የሚደወለው ብዬ ጠየቅኩ። ለእርስዎ ነው አለኝ፤ የሁለቱ ዙር ውጤት እንዲነጻጸር ምላሽ ሰጪው መቀየር የለበትም። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያው ስህተት ጥራቱን እንዳያጣ ሁለተኛውንም ስህተት የምሠራው ራሴ መሆን አለብኝ ማለት ነው።

ከጠረጴዛው በላይ በመስታወት ክፈፍ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አየሁ፤ አካባቢያችን በእናቶች የኑሮ ጥራት አማካይ ሰማንያ ስምንት አምጥቶ አንደኛ ወጥቷል። የባለቤቴ ዘጠና ሁለትም በዚያ ክፈፍ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ። አጠገቡ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ግን አንድ አካባቢ ብቻ በቀይ ተቀልሞ ሃምሳ አንድ ይላል። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅኩ። ባለሙያው በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሰፈር መሆኑን፣ እዚያ ያሉት እናቶች አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ስለሆኑ የየራሳቸው ስልክ እንዳላቸውና ጥያቄውን ራሳቸው እንደመለሱ ነገረኝ። ኑሯቸው ለምን እንዲህ እንደተበላሸ ለማወቅ ጥናት እየተደረገ ነው፤ የተጠረጠረው የእጅ ስልክ አጠቃቀማቸው ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የሰው ጭንቅላት ላይ ስሠራ አንድ ሕግ አለኝ። ምላጩ አመመህ ወይ ብዬ የምጠይቀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው። አግዳሚው ላይ ያለውን ጠይቄ አላውቅም፤ ቢጠየቅ ግን መቼም አያመውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ዘጠና ሁለቱ ይሰረዝ። እኔም ከምላሽ ሰጪነት ልሰረዝ፤ ስንብት ወይም የምስጋና ደብዳቤ አያስፈልገኝም። ባለቤቴ ፈቃዷ ሳያልቅ ሐኪሙ ይያት። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አርባ ሁለት ሕፃናት ባሉበት ክፍል ውስጥ ባለቤቴ እርጥብ ሆና በቆመች ቀን፣ እንዴት ነሽ መምህር ብለው ለሚጠይቋት ተማሪዎች ምን ብላ እንደምትመልስ መሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ያውጣልን። አንዱም ለእኔ አይደውልም፤ ልጆች ስለሆኑ ራሷን ነው የሚጠይቋት።

የአንዲት ወላድ ሴትን ሥጋ፣ እንቅልፍና ልብ ምላጭ በያዘ ወንድ አፍ በዘጠኝ ደቂቃ ለመለካት ስላሳያችሁት ጥበብ፣ በእኔ ላይ ስለጣላችሁት ከአቅሜ በላይ የሆነ እምነት፣ የተሳሳትኩትንም ሳትነኩ በጥንቃቄ ስለጠበቃችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለእርስዎ፣ ለባለሙያዎችዎና ለምስክር ወረቀታችሁ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በዚያው በመስኮታችሁ ቀዳዳ ልክ ጎንበስ ብዬ፣ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የተመዘገበው ምላሽ ሰጪ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር ሦስት
አራት በል ላሉኝ ለጋሼ
ተቀማጭ ሁሉ ያነበው ዘንድ በወንበሬ ፊት ላለው መስታወት

ድኅረ ጽሑፍ፦

ይህን የምጽፈው ሚስቱ ነኝ። ደብዳቤውን ፊደል እንዳርምለት ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ሥራ ሄዷል፤ አርሜዋለሁ። በደንብ ጽፏል፤ ግን አሁንም ሳይጠይቀኝ ነው የጻፈው። መንገድ ላይ አላለቀስኩም። ውሃው እውነት ነው፤ ፕላስቲኩም እውነት ነው፤ ግን የሚያስፈራኝ እነሱ አይደሉም። ልጄ ስታለቅስ ቶሎ አልነሳም። መጀመሪያ ሃያ እስክቆጥር እቆይ ነበር፤ አሁን ሁለት መቶ ደርሻለሁ። የማልነሳው ስለሚያመኝ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ወደ እሷ መሄድ ስለማልፈልግ ነው። ይህ ከሃያ አምስቱ ጥያቄዎች ውስጥ የለም፤ ባሌም የሚሰማው ይህን መስመር ሲያነብ ነው። በአደባባይ መጻፉ ያሳፍራል፤ በሌላ ቦታ ግን የጠየቀኝ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት መስኮታችሁ ፊት እቆማለሁ። ለማንም አትደውሉ።